ከምጽዋ እስከ አሥመራ፤ የሚፈላ መኪና ሕመሙ ከወዴት ነው?

ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ ወደ አሥመራ የሚወጣ መንገደኛ ከጊንዳዕ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አዘውትሮ የሚያየው ነገር አለ። ይኸውም ከመንገዱ ዳር የቆመ አሮጌ መኪና ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ከፊቱ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል፣ ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ረዳቱም ጣሳ ይዞ ውሃ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ውሃው ተገኝቶ ይጨመራል፤ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እምባትካላ ሲደርስ ወይም ነፋሲትን ሲያልፍ እንደገና ይፈላል። ለስብሰባ የተጠራው ሹም ይዘገያል፤ ነጋዴውም ዕቃው ከገበያ ሰዓት ያልፍበታል።

ብዙ ሰው ይህን ነገር እንደ ዕጣ ፈንታ ይቀበለዋል። «አሮጌ መኪና ነውና ይፈላል» ይላል። ነገር ግን መፍላት የአሮጌ መኪና ባሕርይ አይደለም። ያው መኪና አዲስ በነበረ ጊዜ ይህንኑ አቀበት ሳይፈላ ይወጣ ነበር። እንግዲህ በመካከሉ የተለወጠ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያንን አንድ ነገር ሳይፈልጉ ውሃ እየጨመሩ መሄድ፣ ወይም ደግሞ በግምት ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ዕቃ እየለወጡ ገንዘብ መጨረስ፣ ሁለቱም አንድ ዐይነት ጥፋት ነው። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቡሎን ሳትፈታ ሊታወቅ የሚችል መሆኑ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የባለቤቴ ወንድም የሆነ አንድ ነጋዴ የደረሰበት ነገር ነው። ይህ ሰው ዓሣ ከምጽዋ በበረዶ እያሸገ ወደ አሥመራ የሚያወጣ ሲሆን፣ ሀብቱ አንዲት አሮጌ የዕቃ መኪና ብቻ ነበረች። ዓሣ ደግሞ ሰው የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሣና ፀሓይ ሳትበረታ አቀበቱን ለመጨረስ ይጣደፋል። አንድ ሰሞን መኪናይቱ ከጊንዳዕ በላይ መፍላት ጀመረች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ የውሃው ፖምፓ ነው ተብሎ አዲስ ፖምፓ ተገጠመላት። እንደገና ፈላች። ሁለተኛው ጋራዥ ራዲያተሩ ነው ብሎ አውርዶ አጠበው፤ የላላውንም በዳው። አሁንም ፈላች። ሦስተኛው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለና፣ ይህ ካልረዳ ቴስታታው ተበላሽቷል ማለት ነው አለው። በዚህ መካከል ሁለት ጭነት ዓሣ በረዶው ቀልጦ ተበላሸበት። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ መኪናይቱን በብረታ ብረት ዋጋ ሊሸጥ ወሰነና የሽያጩን ውል እንዳዘጋጅለት ወደ እኔ መጣ። ውሉን ከመጻፌ በፊት፣ ከሥራው ጡረታ ወጥቶ በቤቱ ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ መካኒክ አብረን እንድንሄድ ለመንሁት።

ሽማግሌው ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ወንበር አቅርቦልን ይጠይቀው ጀመር።

«ልጄ፣ መኪናህ የምትፈላው መቼ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው አባቴ።»

«ሁልጊዜስ አይሆንም። ከተማ ውስጥ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመህ ሰው ስትጠብቅ ትፈላለች?»

«የለም፤ ያን ጊዜስ ደኅና ናት።»

«በሜዳውስ፣ ከምጽዋ እስከ ዶጋሊ?»

«ደኅና ናት።»

«ውሃው የሚጎድለው ሳትፈላ በፊት ነው ወይስ ከፈላች በኋላ?»

ነጋዴው ዝም አለ። ይህን ለይቶ አስቦት አያውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ፣ «ጧት ስነሣ ሙሉ ነው፤ ማታ ሜዳ ላይ ነድቼ ሳድርም ሙሉ ነው። የሚጎድለው ከፈላ በኋላ ብቻ ነው» አለ።

«እንግዲያው ውሃህ አልፈሰሰም፤ መንገድ ጠፍቶት ነው» አለው ሽማግሌው።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የነገሩን ሥር ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር ከሚያቃጥለው ቤንዚን ለሥራ የሚያውለው ኃይል በአሮጌ መኪና ቢበዛ ከሩብ እጁ ብዙም አያልፍም። ሲሶው ያህል በማርሚታ በኩል እንደ ጭስ ይወጣል፤ ሌላው ሲሶ ያህል ግን ወደ ብረቱ ይገባና ውሃው ተሸክሞ ካላወጣው ሞተሩን ያቀልጠዋል። ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ አልፎ ይሞቃል፤ በላይኛው የላስቲክ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቧንቧዎች ውስጥ ሲወርድ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም በታችኛው ቱቦ በፖምፓው እየተሳበ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሥራው ሁሉ ይህ ነው።

የሥራው መጠን ግን ቀላል አይደለም። ምጽዋ በባሕር ወለል ላይ ናት፤ አሥመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ መንገዱም 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዕቃዋ ጋር 2 ቶን የምትመዝን መኪና ወደዚህ ከፍታ ለመውጣት፣ የመንገዱን ድካምና የነፋሱን መቋቋም ሳንቆጥር፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 5 ሊትር ተኩል ቤንዚን ታቃጥላለች። ከዚህም ለራዲያተሩ የሚደርሰው የሙቀት ድርሻ፣ ወደ 180 ሊትር የሚሆን ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ሊያሞቅ የሚችል ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ጥቂት ሊትር ብቻ በምትይዝ ራዲያተር በኩል መውጣት አለበት። አየሩም ቢሆን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሳሳል፤ በአሥመራ ከምጽዋው ይልቅ አምስተኛ እጅ ያህል የቀለለ በመሆኑ፣ በራዲያተሩ መካከል ሲያልፍ የሚሸከመው ሙቀት የዚያኑ ያህል ያንሳል። በ1911 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሥመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በሚሠራበት ዘመን በዚሁ አቀበት ውሃ ይፈላ ነበር፤ ነገር ግን ለሎኮሞቲቩ መፍላት ሕይወቱ ሲሆን ለመኪና ሞቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በምጽዋ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላልና በአሥመራ 92 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ አሮጌ ራዲያተር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንደ ተሠሩት ብዙዎች፣ ከወደቡ ይልቅ በተራራው ላይ ቶሎ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ ሞላ ክዳን ይህን ለማረም የተሠራ ነው። ውሃውን በግማሽ አትሞስፌር ግፊት የሚይዝ ክዳን በምጽዋ እስከ 111 ዲግሪ፣ በአሥመራም እስከ 106 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ሞተሩ ምንም ሕመም ሳይኖርበት በአርባሮባ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከሁሉ ዕቃ ርካሹ ይህ ክዳን ሆኖ ሳለ ከሁሉ በኋላ የሚታሰበው እርሱ መሆኑ አስገራሚ ነው። በላዩ የታተመውን ቁጥር አይተው ያንኑ ዐይነት ይግዙ፤ በእንግሊዝ መለኪያ 7 የተጻፈበት ግማሽ አትሞስፌር ያህል ነው። «የበለጠ ይይዝልኛል» ብሎ ብርቱ ክዳን ለአሮጌ ራዲያተር መግጠም ግን ብየዳውን ያስፈነዳል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። «መቼ ነው የምትፈላው?» ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። መኪና ሲቆም ወይም በከተማ በዝግታ ሲሄድ የሚፈላ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን የሚበርድ ከሆነ፣ ጉድለቱ በነፋሱ በኩል ነው። በሩጫ ጊዜ ነፋሱ ራሱ ይገባል፤ በቆመ ጊዜ ግን ማራገቢያው ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣት በመካከሉ ይጫኑት፤ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚገባው ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚላላ ወይም ጎኑ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይንሸራተታል። የራዲያተሩም ፊት በአቧራ፣ በገለባና በሞቱ አንበጦች ተደፍኖ እንደ ሆነ በባትሪ መብራት ከኋላ ሆኖ መመልከት ይገባል። ብርሃኑ ካላለፈ ነፋሱም አያልፍም።

በተቃራኒው በቆመ ጊዜና በሜዳ ደኅና ሆኖ በረጅም አቀበት ብቻ የሚፈላ ከሆነ፣ ነፋስ አይደለም፤ የውሃው ዝውውር ነው፣ ወይም ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሙቀት እያመረተ ነው። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚፈላ ደግሞ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጥቂት መንቆርቆር ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ብዙ አያሳስብም፤ ፖምፓው ቆሞ ብረቱ ገና ትኩስ በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የውሃው መጉደል ነው። ሳይፈላ የሚጎድል ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለው። ይሁን እንጂ በመሬት ላይ ጠብታ አላየሁም ብሎ መደምደም አይገባም፤ በትኩስ ብረት ላይ የምትንጠባጠብ ውሃ መሬት ሳትደርስ ትደርቃለችና። የምትተወው ምልክት ግን ይታያል፤ ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ያለው የደረቀ መስመር ነው። ከፖምፓው በታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይመልከቱ፤ እርሷ የተሠራችው የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በዚያ ወጥቶ እንዲያስታውቅ ነው። አንዳንድ ሰው ቀዳዳዪቱን በሳሙና ሲደፍናት አይቻለሁ፤ የሚጮኽን ዘበኛ አፉን እንደ ማፈን ነው።

ውሃ ወደ ውጭ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው፤ ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት እየገባ ነው። ይህን ለማወቅ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን ያስነሡ። ከውሃው ውስጥ እንደ ሶዳ ያለ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የተቃጠለ ጋዝ በጓርኒሲዮኑ በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለም ከቀዝቃዛ በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ጠንክሮ ከተነፋ ምልክቱ ያው ነው፤ ውሃ በዚህ ፍጥነት ሞቆ ግፊት ሊያበጅ አይችልምና። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲወጣ ካፑቺኖ የመሰለ ነገር ከታየበት፣ ወይም ከካንዴላዎቹ አንዱ ብቻ ታጥቦ እንደ አዲስ ነጽቶ ከተገኘ፣ ክርክሩ አበቃ። ነገር ግን በአሥመራ ብርድ ጧት ከማርሚታ የሚወጣውን ነጭ ተን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ሲሆን ነው የሚያሳስበው።

ስለ ውሃው ዐይነት ጥቂት መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታልና። በባሕሩ ዳር የሚቀዳ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ቴስታታቸው በአሉሚኒዮም የተሠራውን ሞተሮች በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበላቸዋል። ኖራ ያለበትም ውሃ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው፣ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ይሄዳል። የዚህ ቅርፊት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሙቀትን በማገድ ረገድ 2 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን የብረት ግድግዳ የማይተናነስ ነው። ስለዚህ አቀበት ላይ በችግር ጊዜ ከወንዝም ቢሆን መጨመር ግዴታ ነው፤ ሲደርሱ ግን አፍስሶ መለወጥ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ለባትሪ የሚሆነው የተጣራ ውሃና ፀረ ዝገት መድኃኒት ያለበት የራዲያተር ፈሳሽ ተደባልቀው ነው። ይህ ፈሳሽ የብርድ አገር ነገር ነው ብለው የሚተዉት አሉ፤ ነገር ግን ዝገትን ይከለክላል፣ የመፍያውንም ደረጃ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ስለ ሆነ ግን ሕፃናትና ውሾች ከሚደርሱበት ማራቅ ያስፈልጋል።

ራዲያተሩ በቅርፊት ተደፍኖ እንደ ሆነ ለማወቅ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍቶ፣ ፊቱን በእጅ በጥንቃቄ መዳሰስ ነው። ጤነኛ ራዲያተር ከላይ ትኩስ ሆኖ ወደ ታች እኩል እየቀነሰ ይሄዳል። በመካከል አንድ ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ ውሃ በዚያ አያልፍም። የላይኛው ቱቦ የሚያቃጥል፣ የታችኛው ግን የቀዘቀዘ ከሆነ ውሃው ከነጭራሹ ተገትቷል ማለት ነው።

ስለ ቴርሞስታት በቆላ የሚነዱ ብዙ ሾፌሮች አንድ እምነት አላቸው፤ አውጥቶ መጣል ነው። እኔ አልስማማም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ከሞቀም በኋላ የሚከፍት በር ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ሲከፍት የውስጡን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ እነዚህ ላይ ቢወጣ፣ ገሚሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጩ ይመለስና ሞተሩ እንዲያውም የባሰ ይሞቃል። አቋራጭ በሌላቸው ላይም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። መበላሸቱን ለማወቅ አውጥቶ፣ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ፣ ከቴርሞሜትር ጋር ማሞቅ ነው። በራሱ ላይ በተጻፈው ዲግሪ መክፈት መጀመር አለበት። ይሁን እንጂ ይህን ፈተና በአሥመራ የሚያደርግ ሰው ልብ ይበል፦ የድስቱ ውሃ ከ92 ዲግሪ በላይ አይወጣም። በ82 የሚጀምር ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው ለመከፈት 95 ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በከፊል ብቻ ተከፍቶ ቢታይ ጤነኛውን በሐሰት መኰነን ይሆናል። ምጽዋ ወርደው ቢፈትኑት ግን ይከፈታል።

አሁን የነጋዴውን ነገር ልጨርስ። ሽማግሌው መልሱን ሁሉ ከሰማ በኋላ ተነሣና ወደ መኪናይቱ ሄደ። ሞተሩን አስነሥቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከዚያም ነጋዴውን ጠርቶ፣ «የታችኛውን ቱቦ ብቻ ተመልከት፤ ሌላ ነገር አትይ» አለውና በእጁ የቤንዚኑን ዘንግ ስቦ ሞተሩን በብርቱ አስጮኸው። በዚያን ጊዜ ያ ወፍራም የላስቲክ ቱቦ እንደ ባዶ ቀበቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ተጣበቀ። ዘንጉን ሲለቀው ወዲያው ክብ ሆነ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ አሳየን። የዚህ ቱቦ ውስጥ፣ ፖምፓው ሲስብ እንዳይጨፈለቅ የሚደግፈው የሽቦ ሞላ ነበረበት። ያ ሞላ በዝገት አልቆ ፈርሷል፤ ላስቲኩም በዕድሜ ልሟል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ስበቱ ትንሽ ነውና ቱቦው ይቆማል፤ በከባድ ማርሽ በአቀበት ሲጮኽ ግን ይጣበቅና የውሃውን መንገድ ይዘጋል። ሦስቱም ጋራዦች ይህን ቱቦ በእጃቸው ይዘው፣ ከውጭ ደኅና መስሎ ስለታያቸው መልሰው ገጥመውት ነበር። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ምንም አይታይበትማ። አዲሱ ፖምፓ ደግሞ ከአሮጌው ይልቅ በብርቱ ስለሚስብ ሕመሙን አባብሶት ኖሯል።

ቱቦው በአዲስ ተለወጠ፤ ቴርሞስታቱም ተመልሶ ገባ። የከፈለው ሁሉ ቀድሞ ከከፈለው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። በማግሥቱ ሌሊት ዓሣውን ጭኖ ወጣ፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ነበርሁ። ነፋሲት ስንደርስ ከልማድ ብዛት እጁን ወደ ጣሳው ሰደደ፤ መርፌዪቱ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

መርፌዪቱን ካነሣሁ ዘንድ፣ እርሷም ልትዋሽ እንደምትችል መናገር አለብኝ። መለኪያው በጣም ሞቋል እያለ ውሃው ግን የማይፈላ፣ ሽታም የሌለ ከሆነ፣ በቴርሞሜትር ሳያመሳክሩ ሞተር ማስፈታት አይገባም። ሙቀቱ እውነት ሆኖ ዝውውሩም ደኅና ከሆነ ደግሞ፣ ከውሃው ውጭ ያሉትን ምክንያቶች መመርመር ይቀራል። የእሳቱ ጊዜ ከዘገየ ነዳጁ ወደ መጨረሻው እየነደደ ስለሚወጣ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ የጭሱም ቧንቧ እስኪቀላ ይሞቃል። ካርቡራቶሩ ቤንዚን ቢያንሰው እንዲሁ ነው። ፍሬን ይዞ የቀረ እንደ ሆነም መኪናው ሳያቋርጥ ከራሱ ጋር ይታገላል፤ ከቆሙ በኋላ የጎማውን መካከል ነክቶ ማወቅ ይቻላል።

ውሃ የማይፈልገው ቮልስዋገን «ጥንዚዛ» ባለቤቱን ከዚህ ሁሉ አሳርፎታል፤ እርሱ በነፋስ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘውና ቺንጊያው ከተበጠሰ ወዲያው መቆም ብቻ ነው ያለበት። በ1936 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣችው ትንሿ ፊያት «ቶፖሊኖ» ደግሞ ፖምፓ የላትም፤ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ፣ የቀዘቀዘው እየወረደ ይዘዋወራል። ስለዚህ በእርሷ ውሃው ከላይኛው ቱቦ በታች ዝቅ ካለ ዝውውሩ ፈጽሞ ይቆማልና ከሌሎቹ ይልቅ ሙሉነቷን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መንገድ ላይ ለሚፈላባቸው። በዚሁ አቀበት አንድ የ15 ዓመት ያህል ልጅ፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ጌታው እየጮኸበት ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲከፍት አይቻለሁ። በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊቱንና ደረቱን መታው። በሌላ መኪና ወደ ጊንዳዕ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የራዲያተር ክዳን የላይኛው ቱቦ በእጅ ተጨምቆ እስኪለሰልስ ድረስ አይከፈትም፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ውሃው ገና ሞልቶ መርፌዪቱ ብቻ ከፍ ካለች፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ቆሞ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት ይረዳል፤ የውስጥ ማሞቂያ ያለውም ቢከፍተው፣ ለተሳፋሪው ባይመችም፣ እንደ ትንሽ ራዲያተር ይሆንለታል። ውሃው ካለቀ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል፤ ቀዝቅዞ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የሚቻል ከሆነም ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ይጨመራል።

የባለቤቴ ወንድም ከወንበሩ ሥር ባለችው የዕቃ ሣጥን ውስጥ አንድ ቺንጊያ፣ አንድ ክዳን፣ ሁለት ቱቦዎችና 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይዞ ይሄዳል። ያንን አሮጌ ቱቦም አልጣለውም፤ ሌላ ነጋዴ መኪናው እንደምትፈላ ሲነግረው አውጥቶ እየጨመቀ ያሳየዋል።